አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም

እኛ አገር አዲስ ምግብ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይጣፍጣል ወይ?» አይደለም። «የጾም ነው የፍስክ?» ነው። ድንችም፣ ቲማቲምም፣ ካሮትም ይህን ፈተና አልፈው ነው ገበታችን ላይ የተቀመጡት። አቮካዶ ግን ፈተናው ጠንከር ብሎበት ነበር። ሲያዩት ፍራፍሬ ነው፤ ሲቀምሱት ቅቤ ነው። አይጣፍጥ፣ አይጎመዝዝ። እንዲህ ያለውን ወላዋይ ከየትኛው ወገን ትመድቡታላችሁ?

ዛሬማ ጁስ ቤት ገብታችሁ «ስፕሪስ፣ አቮካዶው በዛ ይበል» ስትሉ ከጥንት ጀምሮ አብሮን የኖረ ይመስላችኋል። የትውልድ አገሩ ግን ከውቅያኖስ ማዶ፣ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው፤ የዚያ ሰዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲበሉት ኖረዋል። ወደ እኛ በሐረርጌና በወንዶ ገነት የአትክልት ቦታዎች በኩል ገባ ይላሉ። ከዚያ ሰው ለሰው እየተቀባበለው አርባ ምንጭ ደረሰ። አበላሉን የነገረን ስላልነበረ ግን ማንም አልጓጓለትም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ከጎጃም በምደባ የመጣሁ፣ የዲፕሎማዬ ቀለም ያልደረቀ፣ ስለ የትኛውም ቅጠል ቢጠይቁኝ መልስ የማላጣ ጎረምሳ። («አላውቅም» ማለትን የተማርኩት ብዙ ቆይቼ ነው።) ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው፣ ከሲቀላ ሰፈር፣ በብስክሌት ላንቴ የገበሬ መንደር ድረስ እየሄድኩ ሙዝ የምገዛው ከጋሽ አንጁሎና ከባለቤታቸው ከእትዬ አበበች ነበር።

እጓሯቸው ውስጥ፣ ከሙዙ መሀል፣ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ቆሟል። ዘሩን ከወንዶ ገነት በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡት፣ ተክለው ውሃ ያጠጡት፣ ከፍየል የጠበቁት እትዬ አበበች ናቸው። ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ዛፉ አፈራ፤ ፍሬው ግን ድንጋይ ሆነ። ጋሽ አንጁሎ ከዛፉ ቀጥፈው ቀመሱት፤ መረራቸው። እንደ ጎደሬ ቀቀሉት፤ ጭራሽ ባሰበት። ይሄን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ አስተማሪ ነህ። ይሄ ነገር መቼ ነው የሚበላው?»

እኔ ከዚያ በፊት አቮካዶ ያየሁት መጽሐፍ ላይ ተስሎ ብቻ ነበር። ቢሆንም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዛፉን አንዴ ዞርኩትና «ገና ነው። ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ይጠብቁ» አልኳቸው። እርግጠኝነቴን ብታዩ!

አቮካዶ ዛፉ ላይ ከቶ አይለሰልስም። ተቀጥፎ ካረፈ በኋላ ነው የሚበስለው። ዛሬ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ጋሽ አንጁሎ ግን የተማረ ሰው ያከብራሉና ጠበቁ። አንድ ዓመት ጠበቁ። ሁለት ዓመት ጠበቁ። ትዕግሥት መራራ ነው፣ ፍሬው ግን ጣፋጭ ነው ይባላል፤ እሳቸው ቤት ሁለቱም መረሩ።

በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሙዝ ከአዲስ አበባ ድረስ ፈላጊ አግኝቷል፤ ያ ዛፍ ደግሞ የስንት ሙዝ ቦታ ይዞ፣ ጥላውን ዘርግቶ በከንቱ ቆሟል። «ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ» አሉ።

«ዛፌን ተውልኝ» ብለው ለመኑ እትዬ አበበች።

«አንድ ለስላሳ ፍሬ አሳዪኝ፣ እተውልሻለሁ።»

እትዬ አበበች አስተማሪ አልጠየቁም። ሙዝ በጥሬው ተቆርጦ፣ ጉድጓድ ውስጥ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኖ እንደሚበስል ያውቃሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው። ሰኞ ዕለት አምስት ስድስት አቮካዶ ቀጥፈው ከሙዙ ጋር አዳፈኑት።

ቅዳሜ ስደርስ መጥረቢያው ተስሎ ዛፉን ተደግፏል። እትዬ አበበች ጉድጓዱን ከፈቱና አንዱን አቮካዶ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ስርጉድ አለ። ቆርሰው ባላቸውን አጎረሷቸው። ጋሽ አንጁሎ ዓይናቸው ፈጠጠ። እንትፍ!

«ቅቤ! በፍልሰታ ቅቤ አበላሽኝ!»

ሚስታቸው ዛፏን ለማትረፍ ብላ ውስጡን ቅቤ የሞላችው መስሏቸዋል። ነገሩ ከዛፍ አልፎ ወደ ሃይማኖት ዞረ። መጥረቢያውን አነሡ። እትዬ አበበች ሮጠው ከግንዱ ጋር ተጣበቁ። ለዚህ ያበቃቸው የእኔ ምክር ነውና እኔም ፈራሁ፤ ወደ ብስክሌቴ ሸሸት አልኩ።

«ቆይ!» አሉ እትዬ አበበች። «ሌላውን አንተ ራስህ አውጣው። ልጣጩን እየው። አንድ ቀዳዳ ካለበት ዛፉንም ቁረጥ፣ እኔንም ቁረጥ!»

ጋሽ አንጁሎ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አንድ አወጡ። አገላብጠው አዩት። ቀዳዳ የለበትም። በቢላዋ ከፈቱት፤ ዘሩ መሀሉ ላይ ድብልብል ብሎ ተቀምጧል። ፈራ ተባ እያሉ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ዳጣ አምጪ» አሉ።

ዛፉ እንዲህ ተረፈ። ያን ጾም ቤቱ በሙሉ አቮካዶ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ እየበላ ሰነበተ። ሐኪሞች ቅባቱ ልብን የሚጎዳው ዓይነት አይደለም፣ ለአንጀትም ይስማማል፣ ጥጋቡም ይቆያል ይላሉ። መድኃኒት ነው ብዬ ግን አልምልላችሁም፤ በእርግጠኝነት ተናግሬ ምን ላደርስ እንደነበር አይታችኋል።

በዓመቱ አንድ የግብርና ሠራተኛ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ስለ አቮካዶ ሊያስተምር መጣ፤ እኔም ልሰማ ሄድኩ። «አበሳሰሉን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው?» ሲል ጋሽ አንጁሎ ተነሥተው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይሄ አስተማሪ ነው። ጠብቁ አለን፤ ጠበቅን፤ በሰለ።»

ተጨበጨበልኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ብድግ ብዬ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ደረቁ ቅጠል፣ ከሙዝ ጋር መቀመጡ ስለሚሰጠው ጥቅም አንድ በአንድ አስረዳሁ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። እትዬ አበበች ከሴቶቹ ጋር ከኋላ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው በጥሞና ያዳምጡኝ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«ተባረክ ልጄ» አሉኝ። «እንዴት እንደሚበስል ገና ዛሬ ገባኝ።»