ጓድ ወጋየሁ አይቀመጡም

አስታራቂ የሌለው ሰፈር የለም። የምናወራው ሰው ሲጣላ ተጠርቶ ስለሚመጣው አይደለም፤ እሱስ የተከበረ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። የምናወራው ሳይጠራ መጥቶ ያልተጣላውን ስለሚያስታርቀው ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ካየ ጠጋ ይልና፣ «ነገሩ ሳይከር እስቲ እኔ ልግባበት» ይላል። ገብቶ ሲወጣ ሁለቱ ሰዎች የእውነት ተኳርፈዋል። እሱ ግን «ደግነቱ ቶሎ ደረስኩ» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የመካኒሳው አስታራቂ፣ የሰላም አባት፣ የጠብ ጠላት፣ ክቡር ጓድ ወጋየሁ ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ነበርና ቀበሌው «ጓድ» ሲላቸው ሰፈሩ «ጋሼ» ይላቸዋል። እሳቸው ሁለቱንም ወደውት ነበር። ክረምት ከበጋ ከረባት ያስራሉ፤ ሽምግልና በድንገት የሚመጣ ነገር ነው ይላሉ።

ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ በጣም የታረቀችው ነርሷ ሸዋረገድ ነበረች። አንድ ፋሲካ ወንድሟ ጉንፋን ይዞት ሊጠይቃት ሳይመጣ ቀረ። ጓድ ወጋየሁ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤቱ ድረስ ሄዱና «እህትህን ይቅር በላት» አሉት። ምን አድርጋኝ ነው ቢላቸው፣ እሱን እንተወው፣ ያለፈው አልፏል አሉት። ሰውየው እህቱ ምን እንዳደረገችው ሲያስብ ሰነበተ፤ አስቦም አላጣም። እስከ ፍልሰታ ድረስ ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ሸዋረገድ ጓድ ወጋየሁን ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። እሳቸው ደግሞ በእሷ ላይ አንድ ቅሬታ ነበራቸው። አጥር ከምትጋራት ወተት ሻጯ ገዲሴ ጋር አንድም ቀን ተጣልታ አታውቅም። ደጋግመው ሞክረው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ግን «እኛ እኮ ደህና ነን» እያሉ ይስቁባቸዋል። በዚያ ሰፈር እጅ ያልሰጧቸው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የሸዋረገድ ጭንቀት ሌላ ነበር። የከተማው አውቶቡስ የሚደርሰው እስከ አሮጌው አየር ማረፊያ አጥር ጥግ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ የመካኒሳ ሰው በእግሩ ነው የሚጨርሰው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ሸዋረገድ ክሊኒኳ በየጠዋቱ እያረፈደች ስለምትገባ አለቃዋ በቁርጥ ነግራታለች፦ ዝናቡ እስኪያባራ ወይ ቤትሽን ወደዚህ አዙሪ፣ ወይ ወደ ክፍለ ሀገር ትመደቢያለሽ። ሸዋረገድ ግን ያንን ቤት ትወደዋለች፤ ጓሮዋን ትወደዋለች፤ ገዲሴንም ትወዳታለች። ይህን ለገዲሴ ስትነግራት ሁለቱም አለቀሱ።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የአውቶቡሱ ነገር ተነሣ። ሊቀመንበሩ የመጣውን መልስ አሰሙ። የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት መንገዱ ከተስተካከለ አውቶቡሱን ወደ መካኒሳ ለማስቀጠል ዝግጁ ነው። የመንገዱ መሥሪያ ቤት የአየር ማረፊያው አጥር ማዕዘን ወደ ኋላ ከተሳበ መንገዱን ለማስተካከል ዝግጁ ነው። የአየር ማረፊያው ጥበቃም የሚመለከተው አካል ቢጠይቀው ለመነጋገር ዝግጁ ነው። ሁሉም ዝግጁ ስለሆነ ምንም አይሠራም። አዳራሹ በረጅሙ ሲተነፍስ የጓድ ወጋየሁ ፊት እንደ ሠርግ ቤት በራ።

«ሦስት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተኳርፎ ዝም ይባላል?» አሉ ከረባታቸውን እያጠበቁ። «እስቲ እኔ ልግባበት።»

የተኳረፈ እንደሌለ ሊያስረዳቸው የሞከረ ነበር፤ አልሰሙትም። ሸዋረገድ ከኋላ ተቀምጣ «በቃ፣ ክፍለ ሀገር ሄድኩ» አለች በልቧ።

በማግስቱ ጓድ ወጋየሁ የገዲሴን አማች አባባ ዱጉማንና ጋሽ በንቲን ይዘው ወደ አውቶቡሱ መሥሪያ ቤት ወረዱ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበሩና ከወንበራቸው ተነሥተው «ተቀመጡ አባቶች» አሉ። ጓድ ወጋየሁ ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ ይመስል እጃቸውን አጣምረው «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ኃላፊው ምን ያድርጉ? ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነው። እሳቸው ቆሙ፤ አለቃ ቆሞ መቀመጥ አይቻልምና ጸሐፊያቸውም ቆመች፤ ቀስ በቀስ ኮሪደሩ ሁሉ ቆመ። ከምሳ በፊት ኃላፊው ስልክ አንሥተው ለመንገዱ መሥሪያ ቤት ደወሉ። ሽማግሌዎቹ እዚያም ሄደው ቆሙ። የመንገዱ ኃላፊ ደግሞ ወገባቸውን ያማቸው ነበርና ብዙ አልጠበቁም፤ አጥሩ በተነሣ በማግስቱ ማሽን እልካለሁ ብለው ቃል ገቡ።

የቀረው አየር ማረፊያው ነበር። እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሸዋረገድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ሦስቱ ሽማግሌዎች በጥበቃው በር ላይ ቆመው አየቻቸው። ፊት ለፊታቸው አንድ ወጣት ሻምበል ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ስትመለስም ቆመዋል፤ ሻምበሉም ቆሟል። ጓድ ወጋየሁ አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። ወታደር መቆም ሥራው ነው። ሻምበሉ ላብ እንኳን አልወጣውም። ስለ ሽቦው አጥር በጠየቁት ቁጥር «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እያለ በትሕትና ይመልስላቸዋል። አባባ ዱጉማ በትራቸውን ተደግፈው ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል። ጓድ ወጋየሁ ራሳቸው ከንፈራቸው ደርቋል። ያም ሆኖ ከረባታቸው አልተፈታም።

ሸዋረገድ ጠጋ አለች። እነዚህ ሰዎች እንዲህ የሚሆኑት ለማን ነው? የጭቃውን መንገድ በየቀኑ የምትሄደው እሷ ነች። ነርስነቷ መጣባትና ተቀመጡ ብላ ለመነቻቸው፤ እንቢ አሏት። በዚህ ጊዜ ወደ ሻምበሉ ዞረች።

«አንተ አባት የለህም?» አለችው።

ሻምበሉ አቀረቀረ። «አባቴማ ሞጣ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «እሱ እዚህ ቢሆን ኖሮ መቼ እንዲህ እሆን ነበር? ዓመት ሙሉ አንድ ቤት በር ላይ ማለፍ ብቻ። ሽማግሌ የሚልክልኝ ዘመድ እንኳን የለኝ።»

ይህን የተናገረው ለሸዋረገድ ብቻ ነበር። ግን የጓድ ወጋየሁ ጆሮ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም።

«ልጅቱ የማን ናት?»

«የልብስ ሰፊው የጋሽ አምሐ ልጅ፣ ፅጌረዳ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አምሐ በመካኒሳ አቦ የታወቀ ክርር ያለ ሰው ነው፤ ሦስት ሽማግሌ መልሷል። ጓድ ወጋየሁ የደረቀ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አራሱና «እስቲ እኔ ልግባበት» አሉ።

ሻምበሉ ሽቦው የእሱ እንዳልሆነ፣ ውሳኔውም የበላዮቹ እንደሆነ ነገራቸው። ግን ያ ማዕዘን ከተተከለ ጀምሮ ከፍየል በቀር ያስቆመው ነገር የለም ብሎ ሪፖርት ማድረግ እንደሚችል፣ ይህም እውነት እንደሆነ አልሸሸገም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ አምሐ ቤት ቆሙ። አምሐ መልካቸውን አይቶ ለምን እንደመጡ ገባውና ፊቱን አጨማደደ። ልጅ የለኝም ሊል አፉን ሲከፍት ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳል አልነበረም። አምሐም አባት ነውና የልጁን ሳል ያውቃል። ሊለው የነበረውን ተወና «ተቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ።

ሻምበሉም ያለውን ሪፖርት ላከ፤ ወር ሳይሞላ ሽቦው ተሳበ። የመንገዱ ማሽን መጣ፣ ጠጠር ፈሰሰ፣ ዝናቡ ሲያባራ አውቶቡሱ ቄጠማ ተጎዝጉዞለት፣ መፈክር ተለጥፎበት መካኒሳ ገባ። ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች ተወካይ ልከው ስለ ጠንካራ ትብብራቸው ንግግር አደረጉ። የጓድ ወጋየሁን ስም የጠራ የለም። ሸዋረገድ ተናደደች። እሳቸው ግን ከሁሉም አብልጠው አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ሸዋረገድ ሥራዋ በሰዓቱ ትገባ ጀመር፤ የክፍለ ሀገሩም ወሬ ቀረ። ጓሮዋም የእሷው ሆኖ ቀረ። አንድ ነገር ግን ከነከናት። ከአውቶቡስ በወረደች ቁጥር ጓድ ወጋየሁን ፌርማታው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ታያቸዋለች። ሰው በሰላም ይሳፈራል፣ በሰላም ይወርዳል። ጭቃ የለም፣ ግፊያ የለም፣ ያረፈደ የለም። ያን ያህል ትልቅ እርቅ አስታርቀው ሲጨርሱ የሰፈሩ ጥቃቅን ጠብ ሁሉ አብሮ የጠፋ ይመስል ነበር። ከረባታቸውን አላሰሩም። አስታራቂው ሰው ተቀምጠዋል።

የዚያን ዕለት ማታ ሸዋረገድ በአጥሩ ላይ ገዲሴን ጠራቻት።

«ገዲሴ፣ እንጣላ።»

«በምን?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። ብዙ ቢያስቡም ምክንያት ጠፋቸው። በመጨረሻ የገዲሴ ዶሮ የሸዋረገድን ጎመን ጫረች ብለው ተስማሙ። ዶሮዋ በእርግጥ ሁልጊዜ ትጭራለች፤ እስከዛሬ ቁም ነገር ያላት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ላይ ተያያዙት። ገዲሴ ከተስማሙት አልፋ የሸዋረገድን ጎመን ጣዕም እስከመንቀፍ ደረሰች። ሁለተኛው ስድብ ሳያልቅ ጓድ ወጋየሁ በሩ ላይ ነበሩ፤ ከረባታቸውን አስረዋል፣ አባባ ዱጉማና ጋሽ በንቲ ከኋላቸው ናቸው። እጃቸውን አጣምረው ግቢው መሃል ቆሙ። ዓይናቸው በርቷል።

«ተቀመጡ ጋሼ» አለች ሸዋረገድ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ገዲሴ ነጠላዋን ነክሳ ሳቋን ትታገላለች። ስምምነታቸው ወዲያው ሊታረቁ ነበር፤ ሸዋረገድም ቦርሳዋን ይዛለች። ግን ቀና ስትል እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው የቆሙትን ጓድ ወጋየሁን አየች፤ በአሥር ዓመት ያነሱ መስለዋል። ልቧ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀላል ጠብ እንዳይመስልዎት» አለቻቸው።

ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ሸዋረገድ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ቀጣዩ ይመጣል።