ጓሮም ልጅም የጠየቀው መሐንዲስ

ከመብራት መሐንዲስ ጋር መንገድ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ ሰው ሰላም ስትሉ እሱ አንጋጦ ሽቦ ያያል። የሚዛን ከተማው ጓደኛዬ ታደሰ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከቤቶቹ ርቆ ስለተተከለ ኃይሉ መንገድ ላይ እየባከነ፣ በከተማው በአማን በኩል ያሉት አምፖሎች ጭል ጭል ይሉ ነበር። ታደሰ አስልቶ ትክክለኛውን ቦታ አገኘ፤ የአቶ ወልዴ የቡና ጓሮ! አቶ ወልዴ ደግሞ ታደሰ ሊያገባት የሚፈልጋት የአልማዝ አባት ናቸው።

«ጓሮውን ተወው፣ ልጅቷን ታጣለህ» አልነው።

«ሌላ ቦታ ከተተከለ ያው ይባክናል» ብሎ ድርቅ አለ።

ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ አቶ ወልዴ ቆጣ ብለው፣ «ባለፈው ጓሮዬን ጠየቀ፣ ዛሬ ልጄን። ነገስ ቤቴን ነው?» አሉን። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ለማያውቀው ሰው አምፖል ይህን ያህል የሚጨነቅ ልጄን አይበድላትም። ሁለቱንም ውሰዱ።»