የእትዬ ዘይነባ ላሞች

የስልክ ጌም ሲበላሽ የሠሪዎቹን ዘር ማንዘር የሚሰድቡ ሰዎችን ታውቃላችሁ አይደል? እኔ ደግሞ ሰመራ ላይ የሚመርቁ ተጫዋች አገኘሁ። እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ከወሎ መጥተው ምግብ ቤት የከፈቱ፣ በኢንተርኔት ጌም ላሞች የሚያረቡ ሴት ናቸው።

አንድ ጠዋት ስገባ ፊታቸው ጠቁሯል። ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ በረቱ ባዶ ነው።

«ጌሙ ሲታደስ ላሞቼ ጠፉ። እስቲ ለሠሪዎቹ ጻፍልኝ፤ ግን እንዳትቆጣቸው!»

በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለሰመራ ላሞች ይደነግጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ምሳ ሳይደርስ ላሞቹ ከነጥጆቻቸው ተመለሱ፤ ይቅርታም ተጨምሮበት!

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሲጮኹ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ሳይቀሩ ከየወንበራቸው ተነስተው በረቱን ጎበኙ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ!» አላቸው አንዱ፣ ሴት ልጅ የዳሩ ይመስል።

እኔ ምስጋና ልጽፍ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ፣ እነዚህ ላሞቼን የመለሱልኝ ልጆች እህል ቀምሰዋል? ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ገና አልበሉም።

እትዬ ዘይነባ ላሞቻቸው ከጠፉበት ሰዓት ይልቅ አሁን ደነገጡ።

«በል ቶሎ ጻፍ! ላሞቹ ደህና ናቸው፤ ሂዱና ብሉ በላቸው!»