ጠያቂው ኃይለጊዮርጊስና የቀበሌው ወፍጮ

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ጠያቂ አለው። የሚሠራ ነገር አጠገብ ዝር አይልም፤ አንድ ነገር ቀጥ ባለ ጊዜ ግን ከመሬት ይበቅላል። የነቀምቴው ክቡር አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ ሊቀ ጠያቂያን፣ እንዲህ ነበሩ። ድሮ የመንገድ ሥራ መካኒክ ነበርኩ ይላሉ፤ ምስክር የለም። ራዲዮ ዝም ቢል እሳቸው፣ አውቶቡስ አልነሳ ቢል እሳቸው፣ "ከዚያ በፊትስ?" እያሉ። ሚስቱ ጥላው የሄደችበትን ሰውዬ እንኳ "ከዚያ በፊትስ?" ሲሉት፣ ሲመልስ ሲመልስ ወደ ኋላ ሄዶ የሠርጉ ቀን ላይ ደረሰ።

አንድ ማክሰኞ የቀበሌው ወፍጮ አልነሳ አለ። የወፍጮው ሠራተኛ ጉሉማ ከጠዋት ጀምሮ ቢያዞር ሞተሩ አንዴ "እህ" ይልና ይሞታል። ሊቀመንበሩ ጓድ ተካ "እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሳ አሻጥር ነው" ብለው ሄደዋል። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ጉሉማ ያውቃል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን የሚያውቅ የለም።

ሊቀ ጠያቂያን ደረሱ።

"ኣካም፣ ጉሉማ! ምን ሆነ?"

"አልነሳም አለ፣ ጋሼ።"

"ማን?"

"ሞተሩ ነዋ!"

"ሞተሩ ነው ወይስ ወፍጮው?"

ጉሉማ ግራ ገባው። ሁለት መሆናቸውን እስከዚያች ደቂቃ አስቦት አያውቅም።

"ማታ ስትዘጋው ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር።"

"በምን አወቅህ?"

"ኧረ ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ!"

"መጀመሪያ የሚዞረው ምኑ ነው?"

"ሞተሩ።"

"ቀጥሎስ?"

"ቺንጋው፣ ማዞሪያ ቀበቶው። ከዚያ ድንጋዩ።"

"ታዲያ ሁሉንም ባንዴ ለምን ትቀሰቅሳለህ? አንደኛውን ብቻ ቀስቅሰው።"

የተሰለፉት ሴቶች ተንጫጩ። "አምስት ተኩል ሆነ! ሰውየው ልጁን ሊያስበሉት ነው!"

"ይሄ መጠየቅ ነው መመርመር?" አለች ሌላዋ።

ጉሉማ ቺንጋውን አውልቆ አዞረ። ዱክ ዱክ ዱክ! ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጉሉማ ይባስ ዞረበት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰድበው የዋለው ሞተር ንጹሕ ሆኖ አረፈው።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ድንጋዩን አስከፈቱት። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ታጥቦ ያልደረቀ ማሽላ አብጦ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። እኛ ዘንድ ተራ ለመያዝ ቅል የሚያስቀምጥ አለ፤ በዋዜማው ከወፍጮው አፍ እፍኝ እህል ጣል አድርጎ "እኔማ ጀምሬያለሁ" የሚልም አለ።

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። መበለቲቱ እማማ ሸዋርጋ ደግሞ ከሁሉም አብልጠው አቀረቀሩ። ማሽላ የያዙት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ቁናቸው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል።

ጉሉማ ጠርጎ፣ ቺንጋውን መልሶ አስነሳው። ወፍጮው ዞረ። እልልታው ሳያልቅ ጓድ ተካ ገቡ።

"ምን ነበር ያቆመው?"

"እርጥብ ማሽላ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አሉ አቶ ኃይለጊዮርጊስ።

"ማነው ያስገባው?"

አቶ ኃይለጊዮርጊስ የሚንጠባጠበውን ቁና ሲያዩ ጉሉማ በዓይኑ አይቷቸዋል። ደግሞ እኚህ ሰው የጀመሩትን ጥያቄ ሳይጨርሱ ቤታቸው ገብተው አያውቁም።

"እሱን አልጠየቅሁም" አሉ።

"እንዴት? እርስዎ? ሳይጠይቁ?"

"ወፍጮውን ለማስነሳት አላስፈለገማ።"

ጓድ ተካ ሽማግሌውን አዩ፣ የሚዞረውን ወፍጮ አዩና ወጡ።

ጉሉማ የእማማ ሸዋርጋን ቁና ተቀብሎ ማሽላውን ፀሐይ ላይ አሰጣ። ተመልሶ በዱቄት የነጣች በርጩማውን በእጅጌው ጠረገና አቶ ኃይለጊዮርጊስ ፊት አኖረ።

"ይቀመጡ፣ ጋሼ" አለ። "ማሎ፣ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።"