በተጎጂው ሙሉ ስምምነት

ጥንት መንግሥት ሰውን ሳያማክር ይጎዳ ነበር ይባላል። ያ የጨለማ ዘመን አልፏል። ዛሬ ምስጋና ለሥልጣኔ ይግባውና ተጎጂው በክብር ደብዳቤ ይጠራል፤ ወንበር ይሳብለታል፤ ስሙ በካርድ ተጽፎ ከፊቱ ይቆምለታል፤ ከዚያም በየት በኩል ቢጎዳ እንደሚሻለው በትሕትና ይጠየቃል።

ይህን ታላቅ እድገት በዐይናቸው ለማየት ከታደሉት አንዱ አቶ ኃይለማርያም ናቸው። በስደት አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ካሉት የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ ጋር ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠብቀው ጡረታ የወጡ፣ አሥራ ሰባት ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ በጨዋነታቸው የተመሰከረላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጨዋነታቸውም ሥርዓት አለው። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላሉ፤ ሲለመኑ «ግዴለም» ይላሉ፤ «በሞቴ» ሲባሉ ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሳይለመን የሚበላ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው ብለው ያምናሉ።

አንድ ማክሰኞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሆነ። እዚያው ከተማ፣ ኖርዝ ዮርክ የምትኖረው ልጃቸው ሆሣዕና ሴት ልጅ ተገላገለች፤ የሕንፃው ሁለት አሳንሰሮችም ተከታትለው ቆሙ። የወይዘሮ የኔነሽ ጉልበት ከደረጃ ጋር ከተኳረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ሆሣዕናም አራስ ናት፤ ጨቅላ ታቅፋ አሥራ አራት ፎቅ አትወጣም። ስለዚህ አያት የልጅ ልጃቸውን በስልክ ብቻ ያዩ ጀመር። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና፣ ወይዘሮ የኔነሽ ያን ቀን ሕፃኗን እኔ ካላቀፍኳት ብለው ማሉ፤ ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደርም ቀኑን በቀይ ከበቡት።

የሕንፃው አስተዳደር ስለ ጥገናው ተጠይቆ የሰጠው መልስ የሕግ አክባሪነት ትምህርት ሊሆን የሚገባው ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ አሳንሰር ሲበላሽ በስንት ቀን መጠገን እንዳለበት አዲስ ደንብ እያረቀቀ ነው፤ ቀኑ ሳይታወቅ ቸኩሎ መጠገን ደንቡን መናቅ ይሆናል አለ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ደንቡን ብቻውን ላያወጣ ቃል ገብቷል። ባለ ሕንፃዎች፣ ጠጋኞች፣ ኢንሹራንሶችና ተጎጂዎች ባንድ ጠረጴዛ ይደራደራሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ደንቡ አይወጣም። ተከራዮቹም ተሰብስበው፣ ጎረቤታቸው ቲጂ ባቀረበችው ሐሳብ፣ አቶ ኃይለማርያምን ወከሉ። እሳቸው ሦስት ጊዜ ከተለመኑ በኋላ ተቀበሉ። አደራው አጭር ነበር፤ ከአሥር ቀን በላይ እሺ እንዳይሉ።

በመጀመሪያው ጉባኤ ቀን አሥራ አራቱን ፎቅ ወርደው፣ ባስና ሰብዌይ ይዘው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ መሀል ከተማ ደረሱ። ድርድሩን የሚመራው ሊዮ የሚባል ለስላሳ ሰው ነው፤ ማንንም አይጫንም፣ የሰውን ቃል እንደ ወረደ ያከብራል። የሳንድዊች ሳህን ሲያቀርብላቸው አቶ ኃይለማርያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በልቻለሁ አሉ። ሊዮም ቃላቸውን አከበረ፤ ሳህኑ ወደ ባለ ሕንፃዎቹ ጠበቃ አለፈ። ጠበቃዋ ሁለት አነሣች። አቶ ኃይለማርያም ሳህኑ ይመለስ ይሆናል ብለው የጠረጴዛውን ጫፍ ሲያዩ ዋሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸውን ግን ገና በሹመታቸው ቀን ቆጫቸው።

በሦስተኛው ጉባኤ ዋናው ነገር መጣ። ጠበቃዋ፣ መለዋወጫው ከሩቅ አገር ስለሚመጣ፣ አሳንሰሩ ከቆመ ጀምሮ ዘጠና ቀን ይሁን አለች። ጠጋኞቹ ተስማሙ፤ ኢንሹራንሶቹም ተስማሙ። ሊዮ ወደ ተጎጂዎቹ ዞረ።

«ሚስተር ኃይለማርያም፣ ዘጠና ቀን ለእናንተ ችግር አለው?»

«ኧረ እኛ ምን ችግር አለብን፤ እናንተ እንዳያችሁት» አሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

በእሳቸው ቤት ድርድሩ ገና መጀመሩ ነበር። ሰው የወለደው ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል ይታወቃል። አይ፣ እንዲህማ አይሆንም፣ የተጎዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ እባክዎ ይናገሩ ይላል። እሳቸውም ያኔ «እንግዲህ ካላችሁ» ብለው አሥር ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። ሊዮ በአክብሮት ጠበቀ፤ በልቡ እስከ አምስት ሳይቆጥር አልቀረም።

«ተቃውሞ የለም። ተመዝግቧል» አለና ገጹን ገለበጠ።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ የኔነሽ በር ላይ ጠበቋቸው። አቶ ኃይለማርያም ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ የሊዮን ቃል ሳያስቀሩ፣ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

«ቆይ፣ አንተ ምን አልክ?»

«ግዴለም አልኩ።»

«እንግድነት የሄድክ መሰለህ?»

«ይለምኑኛል ብዬ ነዋ።»

ወይዘሮ የኔነሽ ካሌንደሩን አዩ፤ ቀዩን ክብ በጣታቸው ነኩትና ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ቢቆጧቸው ይሻላቸው ነበር። ሆሣዕና ደውላ «አባዬ፣ ሪሊ አግሪ አደረግክ?» ስትላቸው ደግሞ መሬት ብትውጣቸው በወደዱ።

ለመጨረሻው ጉባኤ ወገባቸውን አስረው ሄዱ። ዛሬ ሳይለመኑ ሊናገሩ ቆርጠዋል። እውነትም ሳይለመኑ ተነሡ። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ምስጋና ሳያስቀድም ወደ ነገሩ አይገባም፤ መሥሪያ ቤቱን አመሰገኑ፣ ሊዮን አመሰገኑ፣ ጠበቃዋን ሳይቀር ከነቤተሰቧ መረቁ። «ይሁን እንጂ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ሲበርድ ገና እንደቆሙ ያያቸው ሊዮ ጠየቃቸው።

«ወይስ ስምምነቱን ማፍረስ ይፈልጋሉ?»

ማፍረስ! አሥራ ሰባት ትዳር ያቆመ ሰው በስተርጅና አፍራሽ ሊባል ነው። ሰው ሁሉ ዐይኑን ተከለባቸው።

«ኧረ እኔ አፍራሽ አልሆንም» አሉና ፈረሙ።

መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ምሉዕ ስምምነት በታሪኩ አይቶ ስለማያውቅ፣ «የተጎጂዎች ድምፅ» የሚል ትልቅ ምስክር ወረቀት በመስታወት አድርጎ ሸለማቸው። አቶ ኃይለማርያም ስድስተኛውና አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ እያረፉ ተሸክመው አወጡት።

ሰማንያው ቀን ሲደርስ ብቻቸውን ወረዱ። ወይዘሮ የኔነሽ ክርስትናውን ቲጂ ቤተ ክርስቲያን ሆና በያዘችው ስልክ ከቤታቸው ተከታተሉ፤ ያዩት በአብዛኛው የቄሱን ጀርባ ነው። ከዚያ በድግሱ ላይ እንግዳው ሁሉ «በሞቴ» እያለ አቶ ኃይለማርያምን ለመናቸው፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ሳይሆን አሥር ጊዜ። የዚያን ቀን ግን የባለቤታቸው ባዶ እጅ በዐይናቸው እየመጣ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አላቸው። ራባቸውን ይዘው አሥራ አራቱን ፎቅ ወጡ።

ወይዘሮ የኔነሽ የክርስትናው ቀን እንዴት ዝም ተብሎ ይታለፋል ብለው ብቻቸውን ዶሮ ሠርተዋል። ሽታው አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው የተቀበላቸው። ከገበታው አጠገብ ተቀመጡ።

«ትበላለህ?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ጭልፋውን እንደያዙ።

ሰባ ዓመት የለመደ አፍ ባለቤቱን አይጠይቅም።

«ግዴለም፣ በልቻለሁ» አሉ አቶ ኃይለማርያም፤ ዐይናቸውን ድስቱ ላይ እንደተከሉ ልመናውን ጠበቁ።

ወይዘሮ የኔነሽም ጠበቁ፤ ልክ ሊዮ የጠበቀውን ያህል። ከዚያ ድስቱን ከደኑት።

«ተመዝግቧል» አሉ። «ዘጠና ቀን ሲሞላ ይሞቅልሃል።»