የሐጂ ይመር አሚን

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጸሎት ላይ አሜን ስትሉ ምን እንደተባለ ትሰማላችሁ? እውነቱን ተናገሩ፤ የሚሰማን የለም። እኔ አልሰማም ነበር። መራቂው እጁን ሲያነሳ አፌ ራሱን ችሎ ይከፈታል። በዚህ ዕድሜዬ ስንት ነገር ላይ አሜን እንዳልኩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አንዱን ግን እኔም አውቀዋለሁ። መቶ ሺህ ብር ያወጣሁበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎማ ነው። ኮምቦልቻ፣ መኪና መንገዱ ዳር ጎሚስታ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተንፍሷል፤ የሚሞላው አላገኘም። ደሴ ፒያሳ ጎማ የሚሸጡ ሐጂ ይመር የሚባሉ ሰው አሉ። ከእሳቸው አዳዲስ ጎማ በዱቤ እየወሰድኩ እሸጥ ነበር። ከዚያ ያ የጦርነት ወራት መጣ። እኛ ሸሸን፣ ጎማው ቀረ። ስንመለስ እኛ አለን፣ ጎማው የለም። ተመስገን አልኩ፤ የተገላቢጦሽ ቢሆንስ?

ይህን ተመስገን ሐጂ ይመር አልተቀበሉትም። አልፈርድባቸውም። እሳቸውም ተዘርፈዋል። ደጋግመው ጠበቁኝ፣ ደጋግሜ ቀጠርኳቸው። በመጨረሻ ከሰሱኝ።

ዳኛዋ ልጄ የምትሆን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ውሉን ፈርመዋል ወይ አለችኝ። ፈርሜያለሁ አልኩ። ጎማውን ተረክበዋል ወይ አለችኝ። ተረክቤያለሁ፣ ግን ተዘረፈብኝ አልኩ። በጣም ያሳዝናል፣ ግን የዘረፉዎት ከሳሹ አይደሉም አለች። እውነቷን ነው። ከነወጪው መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ክፈል ተባልኩ። ሐጂ "የፍርድ ባለመብት" ተባሉ፣ እኔ "የፍርድ ባለዕዳ"። ስሜ እንዲህ ረዝሞ አያውቅም።

አልከፈልኩም፤ ከየት አምጥቼ? ያለችኝ አንዲት ባጃጅ በፍርድ ቤት ታገደች። ጎሚስታው የዕለት እንጀራ ነው፤ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የቤት ኪራዩን የምትችለው ግን እሷ ናት። በሐራጅ ልትሸጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ማስታወቂያ ሲለጠፍባችሁ ወዳጅ እንዴት እንደሚበዛ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ አሸብር ሊያጽናናኝ መጣ። እሱም ባለባጃጅ ነው፣ የእቁብ ጓደኛዬም ነው። "አይዞህ ታዴ፣ ሁሉም ያልፋል" አለና ባጃጇን ዞራት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። "ሰው ብቻ ደኅና ይሁን" አለ፣ አጎንብሶ ከሥሯ እያየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ፣ "ለመሆኑ ዘይቷን መቼ ነው የቀየርከው?" አለኝ።

እኔ የማውቀው መጸለይ ነው። በየጠዋቱ ገብርኤል ደጅ ቆሜ፣ ጌታዬ ሆይ ሐጂን አስረሳቸው እል ነበር። ባለቤቴ በላይነሽ ሰማችኝ። "አንተ ሰው፣ አበዳሪ እንዲረሳ ይጸለያል? ይልቅ አንተ ሰውየውን ለምን ትረሳቸዋለህ? ሄደህ አናግራቸው!" አለች። በሬ ካራጁ ይውላል አይደል? ሚኒባስ ያዝኩና የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታቸው አልጎደለም። ሐጂ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልክፈል አልኳቸው። "ወላሂ አልፈልግም፤ ያንተን ጠብታ ሳጠራቅም እኔ ራሴ ልደርቅ ነው" አሉ። እንግዲያው ቀንሱልኝና በአንድ ጊዜ ዱብ ላድርግ አልኩ። በአንድ ጊዜ ሲባል ጆሯቸው ቆመ። ስንት አሉ። ሰባ ሺህ አልኩ።

"ፍርድ ቤት መቶ ሰማንያ ያለውን አንተ ሰባ ልትለው? ይግባኝ ሰሚ ሆንክ እንዴ?"

ሐጂ፣ የፍርድ ወረቀት እኮ መኪና ላይ አይገጠምም አልኩ። ባጃጇ አሮጌ ናት። በሐራጅ ገዢ ላይመጣ ይችላል፤ ቢመጣም ረክሳ ነው የምትሸጠው። ለቀሪው ደግሞ እኔን ሲያሳድዱ ሊኖሩ ነው። እኔስ ምን አለኝ? ይኸው ጥርሴም ተቆጥሯል። ሳቁ። መቶ ሃምሳ አሉ። እኔ ሰማንያ አልኩ። እዚያ ላይ ሁለታችንም ደረቅን። ሰው ገበያ ላይ ሲደርቅ ታውቃላችሁ፤ ቢፈልግም ዋጋው ላይ ሳይሆን ክብሩ ላይ ነው የሚቆመው። ስወጣ "ሐራጁ ሳይደርስ አስብበት" አሉኝ። እርስዎም ያስቡበት አልኩ። ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን መሰለኝ።

በላይነሽ አሁንም ዝም አላለችም። ደጋን ከተማ ሼህ ሙሄ የሚባሉ አሉ አለችኝ። ሼህ ሙሄ ሐጂ የሚያከብሯቸው፣ እኔም የማከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ነገሩን ሁሉ ጠየቁኝ፤ ፍርዱ ስንት ነው፣ እሱ ስንት አለ፣ አንተ ስንት አልክ፣ እጅህ ላይ ስንት አለ። እጄ ላይ ያለው ስድሳ ሺህ ነው፤ ሌላው ተስፋ ነው አልኩ። "አብሽር። እኔ ዋጋ መደራደር አላውቅም። ዱዓ ነው የማውቀው። ሐሙስ ወዳጃ አለ፣ ይመርም ይመጣል፣ ና" አሉኝ።

ወዳጃ ለማያውቅ፣ እኛ ወሎዎች ሲጨንቀን ተሰብስበን የምንለምንበት ነው። ታላቁ ይመርቃል፣ ሌላው ይቀበላል። እስላሙ አሚን ይላል፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል፣ ላይ ሲደርስ አንድ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ደረስኩ። ሐጂ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ አየት አደረጉኝና ዓይናቸውን ወደ ጣራው አነሱ። ሼህ ሙሄ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን።

"አገራችንን ሰላም ያድርግልን።"

አሚን!

"ዝናቡን በወቅቱ ያዝንብልን።"

አሚን!

"የታመመውን ይማርልን፣ መንገደኛውን በሰላም ያግባልን።"

አሚን! አሚኑ እንግዲህ ተሟሙቋል። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ።

"ይመርን፣ ወንድሙ ላይ ካለው ዕዳ ሰማንያ ሺውን ለአላህ ብሎ የተወውን፣ እጥፍ አድርጎ ይካሰው!"

"አሚን!" አሉ ሐጂ፣ ከሁላችን በላይ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሐጂ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀጥለው ሌላውን። "ሼህ... ምን ነበር ያሉት?"

"እኔማ ለመንኩ። የተቀበልከው አንተ ነህ። አሚንህን መልስ ካልክ ደግሞ የምትመልሰው ለእኔ አይደለም፤ ከሰጠኸው ጋር ተነጋገር።"

ሐጂ ላባቸውን ጠረጉ። "አሚን ያልኩትን አልመልስም" አሉ። በማርያም፣ የሰው ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። የጨነቃቸው ከቆሙበት ክብር በክብር የሚያወርዳቸው ሰው ማጣት ኖሯል።

እኔማ ደስ ብሎኝ እጄን ላወርድ ስል፣ ሼሁ "እጃችሁን አታውርዱ፣ አላለቀም" አሉ።

"ታደሰንም፣ ቀሪውን መቶ ሺህ እስከ ሰኞ በአንድ ጊዜ ቆጥሮ የሚያስረክበውን፣ ከዕዳ ነጻ ያውጣው!"

"አሜን!" ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ ሰማሁት። ሰኞ? እጄ ላይ ያለው ስድሳ ነው! ቀና ስል ሐጂ እያዩኝ ነው። ፈገግ ብለዋል። "አሜንህን ትመልሳለህ እንዴ?" አሉኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከደጋን በቀጥታ አሸብር ቤት ሄድኩ። የዚያ ሳምንት የእቁብ ዕጣ ለእሱ ነው የወጣው። አሹ፣ አርባ ሺህ አበድረኝ፣ የእኔ ዕጣ ሲወጣ ትወስዳለህ አልኩት። አቀረቀረ። "እውነቱን ልንገርህ? ብሩን ያዘጋጀሁት ባጃጅህን በሐራጅ ልገዛበት ነው።" አውቃለሁ፣ ዘይቷን የጠየቅከኝ ጊዜ አውቄያለሁ አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ሰው ሲስቅ መስጠት ይቀለዋል፤ አርባውን ሰጠኝ። የባጃጅህን ጎማ ዓመቱን ሙሉ በነጻ እሠራልሃለሁ አልኩት። ሦስት ጎማ ምን አላት ብዬ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ሚስማር እየፈለገ የሚነዳ ይመስለኛል።

ሰኞ መቶ ሺህ ብሩን ሐጂ ሱቅ ውስጥ፣ ሼሁ ባሉበት ቆጠርን። ከዚያ ሁለታችን ፍርድ ቤት ሄድን። ይህን ልብ በሉ፤ እጅ መጨባበጥ ብቻውን መዝገብ አይዘጋም። ተስማምተናል፣ ሐጂም ተቀብለዋል ብለን በጽሑፍ አቀረብን፣ እግዱም ተነሳ። ዳኛዋ ሰማንያ ሺህ ለምን ተዉት ብላ ሐጂን ጠየቀቻቸው። "አምልጦኝ" አሉ።

ሰው ሁሉ ይመክረኛል፤ ከእንግዲህ ሳትሰማ አሜን አትበል ይለኛል። እኔ ግን ሌላ ነው የማስበው። ያን ቀን ሐጂም እኔም ብንሰማ ኖሮ ማናችን አሜን እንል ነበር? ባጃጇ ዛሬ የአሸብር ትሆን ነበር።

ሐጂ ግን ትምህርት ወስደዋል። ባለፈው ወዳጃ ላይ ተገናኘን። እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ዓይናቸው ፈጧል፣ አፋቸው ግጥም ብሏል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አይተነፍሱም። ሼህ ሙሄ "ለይመር ዕድሜና ጤና ይስጥልን" አሉ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ሐጂ ብቻ ዝም አሉ፤ የሚከተለውን እየጠበቁ ነው። የሚከተል ነገር አልነበረም። ሼሁ ወደ ዝናቡ አለፉ።

"ሼህ!" አሉ ሐጂ ደንገጥ ብለው። "ያችን አንዴ ይድገሙልኝ!"