ጓድ ሌላስ እና የዘንዶው ውሃ

ምርጫ በተሰጠው ቁጥር «ሌላስ?» የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። ምግብ ቤት ገብቶ ያለውን ሁሉ ካስቆጠረ በኋላ «ሌላስ?» ይላል። ጨርቅ ሻጩ ጣቃውን ሁሉ ዘርግቶለት ላቡን ሲጠርግ፣ እሱ መደርደሪያውን አሻቅቦ እያየ «ሌላ የለም?» ይላል። እኔ የተሰጠኝን ተቀብዬ፣ አመስግኜ የምሄድ ሴት ስለሆንኩ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እፈራቸዋለሁ። የሁሉም አለቃ ግን ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ እኔ ካርድ ጸሐፊ በነበርኩበት የሚሲዮን ክሊኒክ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስማቸው አቶ ዳዳቻ፣ ሥራቸው ዘበኛ፣ አገራቸው ዱብሉቅ።

ነገሩ የጀመረው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልን በሄደው ካርቶን ነው። ውስጡ አንድ መጽሐፍና በየገጻቸው ቁጥር የተጻፈባቸው የፕላስቲክ ጠጠሮች ነበሩ። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ከመጽሐፉ የሚሆኑትን ሰው መርጠው በተረቱ ውስጥ ይጓዛሉ፤ ዘንዶ ሲያጋጥም ጠጠር ይጣላል፣ የወጣው ቁጥር ይፈርዳል። ነርሷ ዘሪቱ እንግሊዝኛ ስለምትችል ተረጎመችው፣ እኔ በደብተር ገለበጥኩት። ዘሪቱ መዋጋት እንጂ መተረክ አልወደደችም፤ ስለዚህ ሰው ፊት ስሜን ለመናገር የማፍረው እኔ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ እንደ ዘንዶ አጓራ ጀመር።

«ትንሽ ጮክ በይ እንጂ፣ ዘንዶው ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» ይለኛል ረዲ።

ረዲ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ጉራጌ ነው። የሚጫወተው ሌባ ሆኖ ነው። «ሱቅ ውስጥ ሲሰርቁኝ ነው የምውለው፣ እስቲ ደግሞ እኔ ልሞክረው» ይላል። ዘሪቱ ጦረኛ ሆነች። አራተኛ ሰው ሲጎድለን ዘበኛችንን ጠራናቸው።

«ጦረኛ አለ፣ ሌባ አለ፣ ቄስ አለ፣ ጠንቋይ አለ» አልኳቸው።

አቶ ዳዳቻ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አሰቡ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ከብት ያለው ሰው የለም?»

«መጽሐፉ ላይ የለም፣ አቶ ዳዳቻ።»

«ከብት የሌለበት አገር ነው? ታዲያ ዘንዶው ምን በልቶ ወፈረ?»

በቃ፣ ባለ ከብት አደረግናቸው። ሠላሳ አንድ ላሞች አስመዘገቡኝ፣ ከነስማቸው፣ ከነመልካቸው፦ ቀይዋ ዲምቱ፣ ጥቁሯ ጉራቲ፣ ግራጫዋ ዳሌቲ። የአንዷ ቀንድ ወደ ግራ መጣመሙን ሳይቀር አስጻፉኝ። ረዲ ያን ቀን «ጓድ ሌላስ» ብሎ ሰየማቸው። ጊዜው ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ስለነበር ማዕረጉ አልከበዳቸውም።

የመጀመሪያው ጉዞ ወርቅ ወደተደበቀበት ዋሻ ነበር። በደረጃ ወደ መሬት ሆድ ይወረዳል፤ ከታች ዘንዶ ተኝቷል። ዘሪቱ ሰይፏን መዘዘች፣ ረዲ በእግሩ ጣት መራመድ ጀመረ። ጓድ ሌላስ አልነቃነቅም አሉ።

«ዛሬ የማን ተራ ነው?»

«የምኑ ተራ?»

«የውሃው ነዋ። እንዲህ በደረጃ የሚወረደው ኤላ ነው፣ የውሃ ጉድጓድ። እኛ አገር ሰው ከሰው በላይ ተደርድሮ ባልዲ እየተቀባበለ ነው የሚያወጣው። ያለ ተራው የሚወርድ የለም። ያ የተኛው ዘንዶስ ጎሳው ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ወርቅ ነው እኮ ያለው! ወርቅ!» ጮኸ ረዲ።

«ወርቅ ለላም ታጠጣለህ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። ዘንዶው እኔ ነኝና «ናጋ» አልኩ፣ በወፍራም ድምፅ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ስለ ውሃ ተራ ተሰበሰብን። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ዘንዶ አልቆሰለም። የዘሪቱ ሰይፍ ሳይዛግ አልቀረም።

በዓመቱ ሐኪሙ ሁለተኛ መጽሐፍ በፖስታ ላከልን፤ አሥራ ሁለት አዳዲስ ሰዎችና አዳዲስ ጉዞዎች አሉት። ዘሪቱ በደስታ እየተንቀጠቀጠች አነበበችላቸው። አውሬ የሚያናግር፣ በዝማሬ የሚፈውስ፣ በጥላ ውስጥ የሚሄድ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ጓድ ሌላስ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጡና፣ «ሌላስ?» አሉ። ረዲ ግንባሩን ከግሉኮስ ካርቶን ጋር አጋጨ።

ጋና የሚሉት ትልቁ ዝናብ የቀረው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ቅዳሜ አቶ ዳዳቻ ገና ሳይቀመጡ፣ «ጉራቲን ሰርዢልኝ» አሉ።

«ማን ገደላት? ዘንዶው እኮ ገና አልነቃም።»

«ሰርዢ ስልሽ ሰርዢ።»

ሰረዝኩ። በሳምንቱ ሦስት አሰረዙ፣ ቀጥሎ አምስት። «ጓድ ሌላስ ተደብቀው እያረዱ ነው!» ብሎ ረዲ ቀለደ፤ እኛም ሳቅን። መሳቃችን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወረቀቱ ላይ ዳሌቲ ብቻ ስትቀር፣ አንድ ቀን የእርዳታ እህል አራግፎ ከሚመለስ መኪና ላይ አንድ ከሲታ ሰው ወርዶ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። የአቶ ዳዳቻ ታናሽ ወንድም ሁቃ ነበር። በእጁ የያዘው አንድ የእንጨት ቃጭል ብቻ ነው። ካርድ ላወጣለት ስጠይቀው፣ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ላሞቹ ነገረኝ። መጀመሪያ ጉራቲ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ልክ በእኔ ወረቀት ላይ በተሰረዙበት ተራ። ላሞቹ የአቶ ዳዳቻ ናቸው፤ ዱብሉቅ፣ ሁቃ ዘንድ ነበሩ። ወሬውን በየሳምንቱ ያደርስ የነበረው በመኪና ነጂዎች ነው። ቃጭሉ የዳሌቲ ነበር።

ቅዳሜ ሲመጣ አቶ ዳዳቻ እንደ ወትሮው ገብተው ተቀመጡ። «ዳሌቲንም» አሉኝ። እርሳሴን አነሳሁ። ከዚያ ምን እንደምል ስለጨነቀኝ፣ አሥራ ሁለቱን ሰዎች እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው።

«የፈለግሽውን ስጪኝ» አሉ።

ረዲ ከተቀመጠበት ሣጥን ላይ ብድግ ብሎ፣ «ሌላስ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!» አለ። «ምን ሆነዋል፣ ሌላስ ይበሉ!»

ወደ መሬት አቀረቀሩ።

በዕድሜዬ ሙሉ ሳይጠይቁኝ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «አንድ ሌላ አለ» አልኩ፤ አልነበረም። «አባ ሄሬጋ። ጉድጓዱ ላይ ቆሞ የውሃ ተራ የሚያስከብር።»

ቀና አሉ። «ስንት ከብት አለው?»

«የለውም። የሰውን ያስጠጣል።»

«ከብት ከሌለው ማን ይሰማዋል? እንዲህ ያለ ሰው የለም። ደብተርሽን አበላሸሽው፣ አንቺ ልጅ።» ዱላቸውን አገላበጡ። ከዚያ ወደ ደብተሩ እንኳ ሳያዩ፣ «ሌላስ?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ዘሪቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ያን ቃል ለመስማት ያን ያህል ስጓጓ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዝናቡ አልመጣም። በወሩ ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያው የእህል መኪና ወደ ዱብሉቅ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፣ ያየ ሰውም አላገኘሁም። ደብተሩ ግን እኔ ጋ ነው። አንዳንዴ ለአቶ ዳዳቻ ይሆናል ያልኩትን አዲስ ሰው እጽፍበታለሁ። አርባ ሰባት ደርሰዋል። አንዱንም እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ።

የላሞቹ ወረቀት ከመጨረሻው ገጽ ውስጥ ነው። ያን ቅዳሜ እርሳሴን አንቀሳቀስኩ እንጂ ዳሌቲን አልሰረዝኳትም።